የሚንጠባጠብና የሚነዝር

በእኛ ብሎክ አንድ ሰው ቤቱ ባኞ አስገባ ሲባል «ሊታጠብበት ነው» ብሎ የሚያስብ የለም። «ጎበዝ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አገኘ» ነው የሚባለው። የልደታ ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት የተለካው ቆሞ ለሚታጠብ፣ እሱም እጁን እምብዛም ለማይዘረጋ ሰው ነው። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጋሼ ግን ጡረታ ሲወጡ «ዕድሜ ልኬን ቆሜ ሠራሁ፤ አሁን ተኝቼ ልታጠብ» ብለው ቆረጡ። የበሩን መከፈቻ አቅጣጫ አስለወጡ፣ ከግድግዳው ላይ ትንሽ አስፋቁ። ነጩ ገንዳ በአራት ሰው ተይዞ በደረጃው ሲወጣ ሙሽራ የሚገባ ይመስል ነበር፤ የብሎኩ ልጆች በሙሉ አጅበውታል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ባኞው ውስጥ ተኝተው ስለመታጠባቸው ምንም ማስረጃ የለም። የተኛበት ውሃ ነው። ከላዩ ጣውላ ተጋድሞበታል፤ ጣውላው ላይ ጆግ፣ የልብስ ሳሙናና የስልክ ቻርጀር የተሰካበት ማከፋፈያ ተቀምጠዋል። ማከፋፈያውን ልብ በሉልኝ፤ እንመለስበታለን።

አይፈረድባቸውም። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ባኞ ማለት ሀብት ነው። እስከ አፉ ሲሞላ ከ150 እስከ 200 ሊትር ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲመነዘር ስምንትም አሥርም ይሆናል፤ ያውም ማንም ሊዋሰው የማይችል። ጀሪካን ይዋሳሉ፣ ባልዲ ይዋሳሉ፤ ባኞ አውሰኝ ያለ ጎረቤት እስካሁን አልተሰማም።

የሚያስቀው ግን ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ገላ ለመታጠብ መሆኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ መታጠብ ደስ አላቸው፤ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ መኳንንቱ ተከተለ፤ ከተማው ሆነ። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ቤተ መንግሥቷንም፣ ገበያዋንም፣ እኛንም ያገኘችው በአንድ ሙቅ ውሃ ሳቢያ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ስቦ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ውሃው ከሸለቆው ወደ ግቢው ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። እኛም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ባየን ቁጥር ያንኑ ጉድ እንላለን። መደነቃችን አልበረደም።

ስለ ቧንቧ ብልሽት የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጠብታ ነው። የእኛ ችግር ከጠብታው ይቀድማል። ውሃ ጠፍቶ ሳለ አባወራው ቧንቧውን ይከፍታል። ምንም የለም። ይዘጋዋል። ልጁ መጥቶ ይከፍታል፤ «የለም» ብሎ እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። ቀጥላ እናት ትመጣለች፤ ክፍት መሆኑን ስለማታውቅ ልትከፍት ብላ ትዘጋዋለች፤ አሁንም ምንም የለም፤ ትጠራጠርና መልሳ ትከፍተዋለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቧንቧው ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስነጥሳል። ያጉረመርማል። አየሩን ከተፋ በኋላ መጀመሪያ ሻይ የመሰለ፣ ቀጥሎ ወተት የመሰለ፣ በመጨረሻም ውሃ የመሰለ ውሃ ይለቃል። «ውሃ መጣ!» ብሎ የሚጮህ ጎረቤት በየብሎኩ ቢያንስ አንድ አለ፤ ደመወዝ የለውም፣ ምስጋናም የለውም፤ ግን እሱ ሲታመም ሰፈሩ ይቆሽሻል።

ጋሼ ዘንድ አንድ ሌሊት የሆነው እንዲህ ነው። የባኞው ቧንቧ ክፍት አድሯል። አብዛኛው ባኞ አናቱ አካባቢ ውሃ ሲተርፍ ወደ ፍሳሹ የሚወስድ ቀዳዳ አለው፤ ፋብሪካው ያሰበበት ነገር ነው። ጋሼ ግን «ይቺ ውሃ የምታባክን ቀዳዳ» ብለው ገና በገባ በሳምንቱ በፌስታል ወትፈዋት ነበር። ስለዚህ ውሃው ሞላ፣ ጣውላውን አነሳ፣ ሳሙናውን አንሳፈፈ፣ ወለሉን አዳረሰ፣ ከዚያም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ውሃ ሁሉ የሚሄድበት ሄደ፤ ወደ ታች።

የጋሼ ወለል የእኛ ኮርኒስ ነው፤ ሆኖም ውሃ ደረጃ አይቆጥርም። በቱቦው መውረጃ ጎን ተሹለክልኮ እኛን ዘሎ ከእኛ በታች ያሉት እትዬ ጣሪያ ላይ ብቅ አለ። እዚያ ቡና የፈሰሰበት ነጠላ የሚመስል ክብ ሠራ። ክቡን ያየ ሁሉ አስተያየት ሰጠ። እትዬ ግን ምንም አላሉም። ግንቦት ልደታን ነበር የሚጠብቁት።

ግንቦት 1 ለእኛ ሰፈር የስም ቀናችን ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ መልስ በየብሎኩ ሥር ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፤ ዓመቱን ሙሉ በደረጃ ላይ በጥቅሻ ያለፈ ነገር ሁሉ ያን ቀን በሥርዓቱ ይወጣል። እትዬ ንፍሯቸውን እፍኝ አድርገው ሲያበቁ ጀመሩ፦

«ልደታ ማርያም ታውቃለች፣ ሰው አልከስም። ግን ጣሪያዬ እያለቀሰ ነው።»

«ማን አስለቀሰው?» አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

እዚህ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የተከራየው ጠበቃ ጣልቃ ገባ። ልደታ ውስጥ ጠበቃ የሌለበት ብሎክ የለም፤ ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው። ሌላ ሰፈር «ልደታ እንገናኝ» ማለት ክስ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ቀጠሮ ነው። ጠበቃውም የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አነሳ፤ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል ቁጥር 2077 አለ። ደግሞም ቁጥር 2080 አለ፤ ከቤት ውስጥ በሚወድቅ ነገር ለሚደርስ ጉዳት በቤቱ የሚኖረው ሰው ይጠየቃል። ጋሼ ወዲያው «ጠብታ የሚወድቅ ነገር ነው ወይስ የሚፈስ?» ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ዝም አለ። በእውነት ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጁን፣ ቁጥር 370/1995ን አስታወሰና ቱቦው የጋሼ ነው ወይስ የሁላችን የጋራ ንብረት በሚለው ላይ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተከራከርን። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ የሚል ነበር። ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የራቀው እሱ ነው፤ በስልክ «ሜክሲኮ ደርሻለሁ» ሲል ገና ፊቱን አልታጠበም።

መጣ። ወጣት ነው፤ ዕቃውን የያዘው በትምህርት ቤት ቦርሳ ነው፤ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሁለት ዓይነት መፍቻ፣ ቴፍሎንና አንድ እፍኝ ቃጫ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር በጣም ደስ አለኝ፤ ማንንም ሳያናግር ሄዶ ዋናውን መዝጊያ ዘጋ። ሳይዘጉ ቧንቧ የሚፈቱ ባለሙያዎችን አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሥራ አይደለም፣ ሩጫ ነው።

የጋሼ ባኞ ቧንቧ ሚክሰር ነው፤ አንድ እጀታ፣ ወደ ግራ ሙቅ፣ ወደ ቀኝ ቀዝቃዛ። ልጁ እጀታው ላይ ያለችውን ቀይና ሰማያዊ ክዳን በጥፍሩ ገልብጦ አወጣ፣ ከሥሯ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈታ፣ እጀታውን ነቀለ፣ የነሐሱን ቀለበት በመፍቻ አላቀቀና ልቡን መዝዞ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ናት። ውስጧ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች አሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱ፤ ቀዳዳቸው ሲገጥም ውሃ ያልፋል፣ ሲለያይ ይዘጋል። ሳህኖቹ እንደ መስታወት ለስላሳ ናቸው፤ ውሃውን የሚያግደው ጎማ ሳይሆን ይኸው ልስላሴያቸው ነው። ልጁ አንዱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አሳየን። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ፀጉር የመሰለች ጭረት አለች።

«ይሄን የበላው አሸዋ ነው ጋሼ» አለ። «ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቱቦው ውስጥ ያለውን ዝገትና አሸዋ እየጠረገ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ውሃ በዚህ አይቀበሉ። ዝቅ ብላ ካለችው ተራ ቧንቧ፣ ከልብስ ማጠቢያዋ ላይ ይልቀቁት። ሲጠራ ሚክሰሩን ይክፈቱ።»

«እኔ እኮ ጠበቅ አድርጌ ነው የምዘጋው» አሉ ጋሼ።

«እሱም ሌላ ችግር ነው።»

እውነቱን ነው። ጋሼ ያደጉት በባለ ጎማው ቧንቧ ነው፤ ያኛው ሲያንጠባጥብ ጠበቅ ይደረጋል፣ ጎማው ይጨመቅና ዝም ይላል። ነገ ሲያንጠባጥብ ከትናንቱ ጠበቅ፣ ከነገ ወዲያ በፎጣ ይዞ ጠበቅ፣ በመጨረሻ በፒንሳ። እንዲህ ሲደረግ ጎማው በነሐሱ አፍ ላይ ይቆረጣል፤ አፉም ይሸረፋል። መርካቶ ላይ ከሁሉ የረከሰችውን ጎማ በጊዜ ያልቀየረ ቧንቧውን በሙሉ ይቀይራል። ባለ ሴራሚኩ ግን ጉልበት ጭራሽ አይገባውም፤ ከተጫረ ተጫረ ነው፤ ልቡ ተለይታ ትቀየራለች። ልብ ስትገዙ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን ሲታዩ መንታ የሚመስሉ፣ ሲገጥሙ ግን የማይተዋወቁ ዓይነቶች አሉ።

ሌላም ነበር። ባኞው ቧንቧ ላይ ወደ ላይ ስትሳብ ውሃውን ወደ ሻወር የምታዞር ጉጥ አለች። ይህቺ ጉጥ ተነሥታ የምትቆየው በውሃው ግፊት ነው። ግፊት ሲያንስ ትወድቃለች፤ ራሱን በሳሙና የሸፈነ ሰው ውሃው ከአናቱ ጠፍቶ እግሩ ላይ ሲፈስ ያገኘዋል። ጋሼ ብር በሚታሰርበት ላስቲክ አስረዋታል። ልጁ ላስቲኩን አይቶ ፈገግ አለ እንጂ አልፈታውም። የግፊቱ ጉዳይ ከእሱ አቅም በላይ ነው።

ያለው ይህ ብቻ ቢሆን እኔም ይህን ሁሉ አላወጋም ነበር። ልቧን ገጥሞ፣ ቴፍሎን ጠምጥሞ፣ ዋናውን ከፍቶ ሲመለስ እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደና መለስ አደረገው።

«ጋሼ! ይሄ ነገር ይነዝራል እኮ!»

«አዎ» አሉ ጋሼ፣ ረጋ ብለው። «ትንሽ ነው። እኛ ለምደነዋል። ነጠላ ጫማ አድርግ።»

እኔን የገረመኝ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ራሱን መነቅነቁ ነው። ጠበቃው «የእኛም ይነዝራል» አለ። እትዬ «የእኔ ጠዋት ጠዋት ነው» አሉ። ለሳምንታት ጠብታ ሲያጣላቸው የከረሙ ሰዎች በኮረንቲ ተዋደዱ። አንዷ ቦይለሩን ስትከፍት በእንጨት ማማሰያ ነው የምትነካው። አንዱ ቧንቧውን በፎጣ ይይዛል፤ ፎጣው እርጥብ ነው፤ አይበቃም ያለው የለም። አንዱ ቤት ሻወር ውስጥ ጣውላ ተነጥፏል። የአንዱ ሚስት ደግሞ ገና ከታጠበ ሰው ጋር እጅ ለእጅ አትጨባበጥም። ሁሉም መላ አለው፤ ከመካከላቸው ግን ለምን ይነዝራል ብሎ የጠየቀ የለም። በበኩሌ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጠብታ ድምፅ አለው፤ ቀለም ያበላሻል፣ ጎረቤት ያስመጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ኮረንቲ ጣሪያ ላይ ክብ አይሠራም። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን የሚረሱበትን ቀን።

«ትንሽ ነው» የሚሉት ነገር ትንሽነቱ የጫማው ነው እንጂ የኮረንቲው አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው፤ ሲቀልድም ሲገድልም ያው 220 ነው። ለውጡ የሚመጣው ከገላችን ነው። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን አጥብቆ ይከላከላል፤ ረጥቦ ሳሙና ሲነካው መከላከሉን ይተዋል፤ እግር ባዶ ሆኖ እርጥብ ወለል ከረገጠ ደግሞ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ቻርልስ ዳልዚል የሚባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በፈቃደኞች ላይ ኮረንቲ እየለቀቁ፣ ስንት ሲደርስ ሰው የጨበጠውን መልቀቅ እንደሚያቅተው ይለኩ ነበር። ለወንድ በአማካይ 16 ሚሊአምፔር ሆኖ አገኙት፤ ለሴት ከዚያም ያንሳል። ከዚያ በላይ ጡንቻው ይኮማተርና እጅ ራሱ ሽቦውን አጥብቆ ይይዛል። «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው የያዘው እሱ ሆኖ ሳለ ነው። ፈቃደኛ ፍለጋ ልደታ ቢመጡ ኖሮ ፕሮፌሰሩ አንድ ብሎክ ሙሉ ሰው በነፃ ያገኙ ነበር።

አሁን ቁጥሩን ከቤታችን ጋር እናስተያየው። አንዲት ባለ 40 ዋት አምፖል የምትስበው ወደ 180 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰው ለመያዝ ከሚበቃው አሥር እጥፍ ያልፋል። ቆጣሪው ሥር ያለው ባለ 16 ብሬከር የሚወድቀው ደግሞ 16 አምፔር ሲያልፍ ነው፤ 16 ሺህ ሚሊአምፔር ማለት ነው። እንግዲህ ጋሼ ባኞ ውስጥ ተይዘው ቢቀሩ ብሬከሩ ምንም አይሰማም። ብሬከር የተፈጠረው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ነው፤ ስለ ባለቤቱ የነገረው የለም። ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ የሚተማመነው ይህን ሳያውቅ ነው። እሱም ቢሆን እንዳለ ከተተወ ጥሩ፤ 5,500 ዋት የሚበላ ሻወር ማሞቂያ 25 አምፔር ይፈልጋል፤ ለሶኬት ተብሎ በተዘረጋ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ሰውየው «አስቸገረኝ» ይልና በባለ 32 ያስቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አያስቸግርም። ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ነው።

ታዲያ የጋሼ ቧንቧ ምን ነካው? በማግሥቱ የተጠራው ኤሌክትሪሽያን መጥቶ የቦይለሩን ክዳን ሲከፍት ታሪኩ በሙሉ ተገለጠ። ቦይለር ውስጥ ውሃውን የሚያፈላው ዘንግ የብረት ልባስ አለው፤ ልባሱ ከጊዜ ብዛት በዝገትና በቅርፊት ይበላል፣ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ኮረንቲው ወደ ውሃው ያመልጣል። ለዚህ ነው ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር አረንጓዴና ቢጫ የሆነች ሦስተኛ ሽቦ የምትመጣው፤ ያመለጠውን ሰብስባ ወደ መሬት ትወስዳለች። የጋሼ አረንጓዴ ሽቦ በንጽሕና ተቆርጣ፣ ጫፏ በፕላስተር ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቦይለሩን የገጠመው ሰው ሁለት ሽቦ ብቻ ስላገኘ ሦስተኛዋ ትርፍ መስላው ነው።

ለዓመታት ግን አልነዘረም ነበር። ለምን? ቀድሞ ቤቱ የነበረው ቱቦ ብረት ነው። ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳያመሰግነው ያ የብረት ቱቦ ኮረንቲውን ወደ መሬት ሲያደርስ ኖሯል። አምና ግን ቱቦው ዛገ ተብሎ በአዲሱ ፕላስቲክ ተቀየረ። ፕላስቲኩ አይዝግም፣ ኮረንቲም አያሳልፍም። መሄጃ ያጣው ኮረንቲ ቧንቧው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ መሄጃ የሚሆነውን ሰው መጠበቅ ያዘ። ቱቦ ያስቀየራችሁ እስቲ አንድ ጊዜ ቦይለራችሁን አስፈትሹ።

እግረ መንገዱንም ሌላ ምሥጢር ተፈታ። የቦይለሩ መግቢያ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው ቫልቭ ጭራሽ አልተገጠመም። ውሃ ሲጠፋ የጋሼ ሙቅ ውሃ በመጣበት መንገድ ወደ ታች ይመለስ ነበር። እትዬ አንድ ሰሞን «ከቀዝቃዛው ቧንቧዬ ሙቅ ውሃ ወጣልኝ» ብለው ሲያወሩ የከረሙት ይኸው ነው። ጋሼ ያን ቀን ሲሰሙ «ታዲያ የመብራቱን ግማሽ አይከፍሉም?» አሉ። ባዶውን የቀረ ቦይለር ደግሞ በርቶ ከተተወ ዘንጉ ይቃጠላል፤ ውሃ ሲሄድ ቦይለሩን ማጥፋት እንግዲህ ከቁጠባ በላይ ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ ጣውላው ላይ ያለውን ማከፋፈያ ሲያይ ቃል አልተናገረም። ነቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ ሳሎን ወስዶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። የዓለም አቀፉ ደንብ ከባኞው ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ቦታ ሶኬት የማይገባበት ክልል ያደርገዋል። የእኛ መታጠቢያ ቤት ስፋቱ ሲለካ ከበሩ ውጭ መቆም ነው ያለባችሁ ማለት ነው። የቀረው ባልዲ ውስጥ የሚነከረው የውሃ ማፍያ ሽቦ ነበር፤ እሱን የጋሼ ሚስት ራሳቸው አምጥተው ሰጡት። ይህ ዕቃ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ መሬት የሚባል አያውቅም። ውሃው ሞቀ አልሞቀ የሚታወቀውም፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ጣት በመንከር ነው። ቢያንስ መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ጣት ቀጥሎ ይደርሳል። ሰው ተይዞ ቢገኝ ደግሞ ሮጦ መጨበጥ ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው፤ መጀመሪያ የሚነካው ብሬከሩ ነው።

ከዚያ አርሲዲ የሚባለውን ገጠመ። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ የሚያስተያይ መሣሪያ ነው፤ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ «የጎደለው የሆነ ሰው ውስጥ ገብቷል» ብሎ ከዓይን ጥቅሻ ባላነሰ ፍጥነት ይቆርጣል። ፕሮፌሰር ዳልዚል በ1961 እ.ኤ.አ. የዚሁኑ ዘመድ፣ ከዚህም በጥቂት ሚሊአምፔር የሚቆርጠውን ሠርተዋል። አርሲዲው ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፤ ተጭነዋት ካልወደቀ ሞቷል ማለት ነው።

አረንጓዴዋን ሽቦ አስሮ፣ አርሲዲውን ወደ ላይ ሲያነሳ ጧ! አለና ወደቀ። አነሳው፤ ወደቀ። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ።

«ብልሽቱን ነው የሸጡልህ።»

«አይ ጋሼ፣ እየሠራ ነው። የሚያመልጠውን አይቶ ነው የወደቀው።»

«ሳይገባ ግን ቤቴ መብራት ነበረው!»

ኤሌክትሪሽያኑ፣ ትዕግሥቱን ይስጠው፣ ቦይለሩን ከመስመር ለይቶ እንደገና አነሳው። ቆመ። ቤቱ በራ። ጋሼ ግን አልተደሰቱም፤ ቦይለር የሌለው መብራት ለእሳቸው ግማሽ መብራት ነው። አዲስ ዘንግ እስኪገዛ ድረስ ውሃ በጀበና ይሞቅ ወይስ በድስት በሚለው ላይ ከሚስታቸው ጋር ሲነጋገሩ ኤሌክትሪሽያኑ ደረጃው ላይ ለተሰበሰበው ጎረቤት ስለ መሣሪያው ያብራራ ጀመር። ሁሉም ቤት አንዳንድ ቢያስገባ፣ አንድ ላይ ከመርካቶ ቢገዛ እንደሚረክስ፣ አረንጓዴዋ ሽቦ በየቤቱ ትታይ ዘንድ እንደሚገባ ነገራቸው። ሰዉ በጥሞና ሰማ። ጠበቃው ስም ዝርዝር ልጻፍ ብሎ ወረቀት አወጣ። እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁ፦

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ያልከው ዕቃ ጠብታም ያቆማል?»

«አይ እትዬ፣ እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው» አሉ ወደ ጠበቃው ዞረው፣ «እኔን ጻፈኝ፤ ግን ከስሜ ሥር፣ መጀመሪያ ጣሪያዬ ይቀባ ብለህ አስምርበት።»